አባባ ለይቅርታ የዞረበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት ከጠዳ ወደ አዘዞ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ጥገና ላይ ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ረዳቱ ወርዶ ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር ወሬ ያዘ፣ እኛ ደግሞ ሰዓታችንን እያየን ማጉረምረም ጀመርን። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ቆሞ መጠበቅ አልችልም፤ ይሄ ከዘር የመጣ ነው። መስኮቱን ስከፍት የናፍጣ ጭስና ውሃ የተረጨበት ገረጋንቲ ሽታ አንድ ላይ ገባ። ከፊታችን አንድ ቢጫ ግሬደር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ አፈሩን ይደለድላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ግን አንገቴን ወደ ውጭ አውጥቼ ሽታውን ሳብኩት። የአባባ ካፖርት ሽታ ነበር።

አባባ የእናቴ አባት ነው። ስሙ ዘለቀ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ማሽን ሲነዳ፣ ከካምፕ ካምፕ ሲዘዋወር ኖሮ እኔ ሦስተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ ነሐሴ ላይ፣ ጡረታ ወጣ። እናቴ ባሕር ዳር ስለምትሠራ እኔ የማድገው አዘዞ፣ እነሱ ቤት ነበር። እነሱ ቤት ልበል እንጂ እስከዚያ ነሐሴ ድረስ ቤቱ የእማማ ነበር። እማማ፣ ማለትም አያቴ የሻረግ፣ አስተማሪ ነበረች፤ እሷም ከእሱ ቀደም ብላ ጡረታ ወጥታለች። አባባ በበዓል ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፣ ማስቲካ ይሰጠኛል፣ ይሄዳል። እንግዳችን ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዳው አንድ የብረት ሳጥንና አንድ ፍራሽ ይዞ መጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ቤቱ ተናጋ።

አባባ መቀመጥ አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ካፖርቱን ይለብሳል፣ የሚሄድበት እንደሌለ የሚያስታውሰው በሩ ላይ ሲደርስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጣሪያውን አሸንዳ ጠገነ። በሁለተኛው ሳምንት ግቢያችንን በአካፋ ደለደለው። ድልደላው እጅግ ያማረ ነበር፤ ችግሩ የዝናቡ ውሃ በሙሉ ተንደርድሮ ጎረቤታችን ጓሮ ገባና የሴትዮዋን ጎመን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። አልጋውን ከዚህ ወደዚያ ያዞራል፣ ቁም ሳጥኑን ይገፋል። ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ ግን አያውቅም፣ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

«ዘለቀ፣ እባክህ ተቀመጥ» ትለዋለች እማማ።

«ተቀምጫለሁ እኮ» ይላል ቆሞ።

እማማ በበኩሏ ዕቃዋ ከቦታው ሲነሳ የምትታመም ሴት ናት። ስንት ዓመት ብቻዋን ያስተካከለችውን ቤት አንድ ሰው በወር ሲያምሰው ምን እንደሚሰማት አሁን ይገባኛል። ያኔ የሚገባኝ ከንፈሯን መንከሷ ብቻ ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘ መጡ። ጸበል ረጩ፣ ጠላ ቀመሱ፣ ከዚያ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እንግዲህ ዘለቀ፣ በሰማንያ ተጋባችሁ፣ ልጅ አሳደጋችሁ፣ ዳራችሁ፣ የልጅ ልጅ አያችሁ። ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ? ለምን አትቆርቡም?»

የእማማ እጅ የነጠላዋን ጥለት ይዞ ቆመ። አብረው መቁረብ የእሷ ምኞት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከእናቴ ልደት በፊት ጀምሮ ስትለምነው ኖራለች። ለቆረቡ ባልና ሚስት መፋታት የለም፤ ትዳሩ ከሰው እጅ ወጥቶ እግዚአብሔር ዘንድ ይገባል። አባባ ሁልጊዜ «ካምፕ እየኖርኩ ምን ቁርባን አለ?» ነበር መልሱ። አሁን ካምፑ የለም።

«እሺ» አለ አባባ ቶሎ ብሎ። እንደሚመስለኝ የሚሠራው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት ነው። «መቼ?»

«ጽጌን ጹሙ። ቁስቋም ካለፈች በኋላ ባለው እሑድ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። ግን በቅድሚያ ከተቀያየማችሁት ሁሉ ጋር ትታረቃላችሁ። ቂም ተይዞ ወደ ቁርባን አይቀረብም። ይሄን ደግሞ እኔ አልለምንላችሁም፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ነው።»

አባባ ጣቶቹን ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። አንዱን ጣት ሲያጥፍ ስም ይጠራል፣ ሌላውን ሲያጥፍ ሌላ ስም። ሁለቱም እጆቹ ሞሉ። መምሬ ሳቁ። «አያ፣ አንተስ ሀገር ነው ያስቀየምከው!»

«የመንገድ ሥራ ነው፣ አባ» አለ አባባ። «የአንዱን አጥር ሳትነካ ለሌላው መንገድ አይወጣም።»

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። አባባ ይቅርታውን ልክ እንደ መንገድ ሥራ ነበር የያዘው። ማታ ራት ላይ የነገውን ስምሪት ይናገራል፦ ነገ እገሌ ዘንድ፣ ከነገ ወዲያ እገሌ ዘንድ፣ ቅዳሜ የእድሩ ዳኛ ዘንድ። አጭር ርቀት ያለውን ቶሎ እንጨርስ፣ ሩቁን ለኋላ እናቆየው ይላል። እማማ ነጠላዋን አጣፍታ ትከተለዋለች፤ እኔ ትምህርት ቤቴ የጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉ አብሬያቸው ዞሬዋለሁ። በዚያ ጥቅምት የረገጥኩትን የሰው ደጅ ያህል ከዚያ በኋላም አልረገጥኩም።

እኔ ግን ነገሩን የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነበር። ጥፋቱ የሂሩት ነው። ሂሩት ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁሉን የምታውቅ ልጅ ነበረች። አያቶቼ ሊቆርቡ ነው ብዬ ስነግራት እርሳሷን አስቀመጠችና እንደ ትልቅ ሰው ከንፈሯን መጠጠች።

«የኔም አያት ቆርበው ነበር» አለች። «በሳምንታቸው ሞቱ። የሚቆርቡት እኮ ለመሞት ሲዘጋጁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። እየዞሩ ሰውን ሁሉ ይቅር በሉን ማለታቸው ለመሰናበት ነው። ሰዎቹ አቅፈዋቸው ማልቀሳቸው የታወቀ ነው። እማማ አዲስ ነጭ ልብስ እንግዛ ማለቷ፣ እሱንማ ማን ያጣዋል! ከሰዓት በኋላ አባባ ጋደም ሲል አጠገቡ ሄጄ ጋቢው ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። ጋቢው ትንሽ ከዘገየ አስላለሁ፤ አባባ ብድግ ብሎ «ምንድን ነው? ሰዓት ደረሰ?» ይላል። እነሱ ከሞቱ የት ነው የምሄደው እያልኩ እጨነቃለሁ። ስለዚህ የምጸልየው ዕርቁ እንዲበላሽ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ጨካኝ ሰው፣ «እንቢ፣ አልታረቅም» ቢል ሁለቱም በሕይወት ይኖራሉ።

ጠዳ የምትኖረው እትዬ ዘውዴ ተስፋ ሰጥታኝ ነበር። የእማማ የአክስት ልጅ ናት። አባባ የልጇ ሠርግ ላይ ከሥራ ዘግይቶ ደርሶ፣ የሚያስተናግደው አጥቶ፣ ተቀይሞ ሳይቀምስ ወጥቷል። በእኛ ዘንድ ሠርግ ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። አባባ ይህን ለዓመታት በሆዱ ይዞት ኖሯል። ጠዳ ደርሰን፣ ተሳስመን፣ ስለ ጤናና ስለ እህል ተጠያይቀን ስናበቃ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዘውዴ፣ በዚያ በሠርጉ ነገር ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«በየትኛው ሠርግ?»

«በልጅሽ። ሳልበላ የወጣሁ ጊዜ።»

እትዬ ዘውዴ ዓይኗ ፈጠጠ። «ሳትበላ ነው የወጣኸው?»

አባባ ግራ ገባው። «አታውቂም ነበር?»

«በምን አውቃለሁ! ያ ሁሉ ሰው! የሻረግ፣ አንቺም ታውቂ ነበር? ከቤቴ ጦሙን ወጥቶ እስከ ዛሬ ዝም አላችሁኝ?» ድምጿ እየጨመረ ሄደ። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ልቤ በደስታ መታ። ተጣሉ፣ ተረፍን!

ግን ያ ቁጣ ወደ ጓዳ ነው የሄደው። ሽሮው መጣ፣ ምስሩ መጣ፣ አሣው መጣ፣ ጎመኑ መጣ። «ያን ቀን ያልበላሃትን ዛሬ ትበላታለህ!» አለች። አባባ በላ። በቃኝ ሲል ታጎርሰዋለች፣ እንባዋ እየወረደ ታጎርሰዋለች። ሲመሽ ሚኒባስ ውስጥ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ላብ እያጠመቀው፣ «እንደዚህ ያለ ዕርቅ ሁለት ቢደገም እሞታለሁ» አለ። እማማ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፣ መኪናው አጥወልውሏት ነው ተባለ።

ሩቁ ትክል ድንጋይ ነበር። እዚያ የአባባ ታላቅ ወንድም አያ ሙላው አለ። ጠባቸው ከባድ ነው። አባባ ወጣት ሳለ፣ ዶዘር ይነዳ በነበረበት ዘመን፣ መንገድ ሊያወጣ የተላከው ወደ ገዛ አገሩ ነበር። የመሐንዲሶቹ ችካል ሄዶ ሄዶ በአባታቸው ዋንዛ ላይ ወደቀ። አባታቸው ሽምግልና የሚቀመጡበት፣ ሲሞቱም አስከሬናቸው ያረፈበት ዛፍ ነው። አያ ሙላው ዶዘሩ ፊት ቆሞ ትንሽ ዞር በልላት ብሎ ለመነው። አባባ ችካሉን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አያ ሙላው በዚያ መንገድ ሲሄድ እንኳ ዳር ዳሩን ነው ይባላል።

በአውቶቡስ ሄድን። አደይ አበባው ማርገፍ ጀምሯል፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ደርሷል፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። አባባ መንገዱን ሁሉ አንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ ይነሳል፣ ሾፌሩ ዘንድ ሄዶ ስለ ጠመዝማዛው ያወራል፣ ይመለሳል። ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድሞ ልኳል። ደጁ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ አጥር ሥር ቆመው አገኘናቸው። የአያ ሙላው ሚስት ወጥታ ሁላችንንም ሳመችና አቀርቅራ «የለም፣ ማሳ ወርዷል። እንደምትመጡ ሲሰማ ማጭዱን ይዞ ወረደ» አለች።

አባባ ካፖርቱን ለእኔ ሰጠኝና ቁልቁለቱን ወረደ። ተከተልነው።

አያ ሙላው ጎንበስ ብሎ ገብስ ያጭዳል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ልክ እንደ አባባ ያለ ጆሮ ያለው ሽማግሌ ነው።

«እንዴት ዋልክ፣ አያ» አለ አባባ።

ቀና ሳይል፣ «ምነው? ደሞ ምኔን ልታፈርስ መጣህ?»

ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ አባባ በእጁ ከለከላቸው። ከሚስትዮዋ ማጭድ ተቀበለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ከወንድሙ ጎን ገብቶ ማጨድ ጀመረ። መሪ ለምዶ ማጭድ የረሳ እጅ ነው። አንድ ትልም ያህል እንደሄደ አያ ሙላው ጮኸ።

«ቀጥ ብለህ አትሂድብኝ! ማሳው ዳገቱን ዞሮ ነው የተዘራ፣ አንተም ዞረህ እጨድ። ዛሬም ቀጥ!»

አባባ ዞረ። ከዚያ ሁለቱም እስከ ማሳው ጫፍ አጨዱ። እኛ ድንበሩ ላይ ተቀምጠን አየናቸው። ፀሐዩ ዞረ፣ ሽማግሌዎቹ አንቀላፉ። ሲጨርሱ የአባባ ጣት ደምቷል። አያ ሙላው መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ፊቱን አየው።

«እንዲህ ዞር ብትልላት ኑሮ፣ ያች ዛፍ ዛሬ ነበረች» አለ፤ ቁጣው የለበትም።

«አውቃለሁ አያ። ለሰው ሁሉ ችካሉ ነው እል ነበር። ችካሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ዞር ማለት እችል ነበር።» አባባ ይህን ብሎ ወንድሙ ጉልበት ላይ ወድቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ነቁ። «ይቅር ተባባሉ!» ሲሉ አያ ሙላው «ይቅር ለእግዚአብሔር!» ብሎ አነሳው። ተሳሳሙ። ቤት ገብተን ጠላ ቀርቦ ጨዋታው ሲሞቅ አያ ሙላው ወደ አባባ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ሁላችንም በሚሰማን ድምፅ፣ «መንገዱስ ሸጋ ነው። የታመመ ሰው የምናወርደው በእሱ ነው። ላንተ መንገር አስጠልቶኝ ነው እንጅ» አለው። አባባ ቀኑን ሙሉ ከዚህ የበለጠ የተደሰተበት ጊዜ የለም።

ስንመለስ አባባ አውቶቡሱ ውስጥ ተኛ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳይወራጭ ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ በእማማና በመስኮቱ መካከል ተቀምጬ ነበር። እማማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ «ለዛፍ እንዲህ አለቀሰ» አለች።

የምታሾፍበት መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ዕረፍት ማጣት ወደ እማማ ተዛወረ። እሱ እየረጋ ሄደ፤ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ለመደ፣ ላለፈ ላገደመው ሰላምታ ይሰጣል። ቂም የያዘበት ሰው አንድ በአንድ እየቀነሰ ሲሄድ ትከሻው ሲሰፋ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሷ ደግሞ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። ቅዳሜ ገበያ አንድ ላይ ወርደን የእሱን ጋቢና የእሷን ቀሚስ ስንገዛ፣ ነጋዴዋ እልል ብላ ስትመርቃት እማማ ምርቃቱ ሳያልቅ ጨርቁን ተቀብላ ሄደች። የማኅበሯ ሴቶች ለግብዣው ሽንኩርት ሊልጡ ሲመጡ «የሹዬ፣ ምኞትሽ ደረሰ!» ይሏታል። «ደረሰ» ትላለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ትቆያለች።

በቁስቋም በዓል ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚወስደውን ዳገት ከሕዝቡ ጋር ወጣን። ዝማሬው፣ ጃንጥላው፣ የሸንኮራው ልጣጭ፣ ሁሉም ነበረ። አባባ ያገኘውን ዘመድ ሁሉ እያቆመ ለእሑድ ይጠራል። «እንዳትቀሩ፣ ከሰው ሁሉ ታርቄያለሁ፣ አንድም አልቀረኝ!» እያለ። እማማ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። በግራ እጇ የእኔን እጅ ይዛ ነበር፣ በጣም ስለጨመቀችው «እማማ አመመኝ» አልኳት። ለቀቀችኝ፤ ይቅርታ ግን አላለችኝም፣ የሰማችኝም አይመስለኝም። እኔም በዚያ ዳገት ላይ እሑድ ስንት ቀን እንደቀረው በጣቴ እቆጥር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት መምሬ ተገኘ ሁለት የማኅበር ሰዎች ይዘው መጡ። የግብዣውን ነገር ተነጋግረው ካበቁ በኋላ መምሬ ቆሙ፤ አባባና እማማም ቆሙ።

«ዘለቀ፣ ቂም የያዝክበት፣ ይቅርታ ያልጠየቅከው ሰው አለ?»

«የለም፣ አባ። ጨርሻለሁ።»

«የሻረግ፣ አንቺስ? በልብሽ የያዝሽው ቂም አለ?»

እማማ ነጠላዋን አስተካከለች። መምሬ ጥያቄው ያልተሰማት መስሏቸው ሊደግሙት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «አለ» አለች።

አባባ ዞር ብሎ አያት። «ከማን ጋር? ለምን አልነገርሽኝም፣ ሄደን እንታረቅ ነበር!»

«ካንተ ጋር ነው፣ ዘለቀ።»

የማኅበሩ ሰዎች ተያዩ። እኔ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነበርኩ። የምመኘው ጨካኝ ሰው በመጨረሻ ተገኘ፤ እማማ ትሆናለች ብዬ ግን አላሰብኩም፣ ደስም አላለኝም።

«እኔ ምን አደረግሁሽ?» አለ አባባ። የምሩን ነው የጠየቀው። እስኪነገረው ድረስ የማያውቅ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ሞገስ ኩፍኝ ሲይዘው ሁመራ መስመር ላይ ነበርክ» አለች እማማ። አስተማሪ ነበረችና ስትናገር ቃል አትውጥም። «በጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ላክሁብህ። ደረሰህ። ሲሞት ደግሞ ላክሁብህ። ያም ደረሰህ። ልጄን የቀበርኩት ከጎረቤት ጋር ነው። አንተ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አንድ ከረጢት ሰሊጥ ተሸክመህ መጣህ።»

«ክረምት ሊገባ ነበር» አለ አባባ ቀስ ብሎ። «መንገዱ ካልተከፈተ... ካቦው ሌላ ነጂ የለም ብሎ...»

«ማታውን በሩን ጠገንክ። በሩ ይንቋቋል ብለህ ጠገንክ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ስለሱ አላነሳህም። እኔም አላነሳሁም። ዝምታውን መስበር ያንተ ነው ብዬ ጠበቅኩህ።»

«ዝም ስትይ የተውሽው መስሎኝ ነው፣ የሹ።»

«አልተውኩትም። ለዘውዴ ሽሮ ይቅርታ ጠየቅህ፣ ለሙላው ዛፍ ይቅርታ ጠየቅህ፣ ጎመኗ ለተወሰደባት ሴትዮ ይቅርታ ጠየቅህ። በየደጁ አብሬህ ቆምኩ። ዛሬ ወደ እኔ ይዞራል፣ ነገ ይዞራል አልኩ። አንድም አልቀረኝ አልክ።»

መምሬ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ይሄ ሽማግሌ የሚገባበት አይደለም» አሉና መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ከሰዎቹ ጋር ወጡ። አባባ ካፖርቱን ሳይለብስ ተከትሏቸው ወጣ። ወደ ካምፑ የተመለሰ መሰለኝ። እማማ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ሞገስ ማነው ብዬ ጠየቅኳት። «አጎትሽ ነበር። ከእናትሽ በፊት» አለች። አጎት እንዳለኝ ያን ቀን አወቅኩ፤ በአንድ ጊዜ ማግኘትና ማጣት ሆነብኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባባ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ ነው፣ ሱሪው ላይ ሙጃ ተጣብቋል። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«የሻረግ» አለ። «የት ነው ያለው? የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሁሉ ዞርኩት። አጣሁት።»

እማማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ እጇን ጠረገች፣ ነጠላዋን አነሳች። እኔንም ማንም ተመለሺ ስላላለኝ ተከተልኩ።

ግቢው ጸጥ ያለ ነበር። ከግንቡ ወዲያ፣ ጎጆዎቻቸው ውስጥ፣ የአብነት ተማሪዎች ዜማ ያጠናሉ። እማማ ከመቃብሮቹ መካከል አንዴም ሳታመነታ ሄዳ አንድ ወይራ ሥር ቆመች። ሣር ብቻ ነው፤ ድንጋይም የለው፣ መስቀልም የለው።

«እዚህ ነው» አለች። «ራስጌው ወደዚያ ነው።»

አባባ በጉልበቱ ተንበረከከ። መዳፉን ሣሩ ላይ አሳረፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ አፈር የገፋ እጅ ነው፣ አሁን ግን እንዳይጫን ፈርቶ ነበር።

«ይቅር በይኝ፣ የሹ።»

«እኔን ቆይ» አለች። «በቅድሚያ ስሙን ጥራው። ከሞተ ወዲህ በአፍህ ሰምቼው አላውቅም።»

አባባ ወደ ሣሩ ጎንበስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣው ሹክሹክታ ነበር። «ሞገስ።» «ሞገስ።» ሁለተኛው ተሰማ። ሦስተኛውን የጠራው በሞተር ጩኸት ላይ ሰው በሚጣራበት፣ ከሜዳ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ነበር፤ ደጋግሞ፣ ሊያቆም አልቻለም። ዜማው ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ማን እንደሚጠራ ለማየት አንድ በአንድ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አወጡ።

እማማ እጇን ትከሻው ላይ አኖረች።

«በቃ፣ ዘለቀ» አለች። «ሰምቶሃል።»

ከዚያ ብብቱን ይዛ አነሳችው፤ እሑድም አብረው ቆረቡ።